የታነሮች ሰባት ቤት

ዘሩን የሚቆጥር ሰው ሁሉ ቆጠራውን የሚያቆመው ደህና ስም ላይ ሲደርስ ነው! አትከራከሩኝ። ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል... አንድ ፊታውራሪ ወይም አንድ ቀኛዝማች ያገኘ እንደሆነ እዚያው ድንኳኑን ተክሎ ቁጭ ይላል። ከፊታውራሪው ጀርባ ማን እንዳለ እስቲ ጠይቁት። «እሱ እንኳ ሩቅ ነው» ይላችኋል። ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ እዚያ ጓሮ ቁጭ ብሎ ድስት የሚሠራ አንድ ሰውዬ አለ፣ እሱን እንዳታዩበት ነው።

ይህን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ሰሞኑን እዚሁ ሚኒሶታ፣ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከገዛ ሳሎኔ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ ሽምግልና ተበላሽቶ ሊቀር ለጥቂት ነበር። ያውም በምን? በድሮ እንግሊዝኛ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሶስና የልጄ የአልማዝ ልጅ ናት። ሚኒሶታ ተወልዳ ሚኒሶታ ነው ያደገችው፤ በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ አማርኛዋ የሚጠራው ሲርባት ብቻ ነው። ኮሌጅ ገብታ ምን ብትማር ጥሩ ነው? የድሮ እንግሊዝኛ! «ልጄ፣ አዲሱ እኮ ገና መከራ እያሳየኝ ነው፣ ያረጀው ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። አልሰማችኝም። ይልቅ እሁድ እሁድ ወጥ ቤቴ እየመጣች እኔን ታስተምረኝ ጀመር። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሴት ነኝ፤ ግን የነገሩኝን አልረሳም።

«ግራንድማ፣ ስሚዝ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የጥርስ ሐኪሜ ነዋ።»

«ኖ! ሥራ ነው። ቀጥቃጭ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው።»

ሰውዬው ጥርሴን ሲነቅል ትዝ አለኝና ለማመን አልተቸገርኩም።

ለካ እነዚህ በየቢሮው በር ላይ ተለጥፈው የማያቸው ስሞች ግማሾቹ የሙያ ስም ኖረዋል! ፖተር ሸክላ ሠሪ ነው። ቻንድለር ጧፍ ሠሪ። ኩፐር በርሜል ሠሪ። ዌብስተር ሸማኔ፣ ያውም ሴት ሸማኔ፤ መጨረሻው ላይ «ስተር» የሚል ያለበት በድሮ ጊዜ የሴት ሙያ ነበር አለችኝ። ብሩስተር ጠማቂዋ፣ ባክስተር ጋጋሪዋ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ሴቷ መሥራቷን ተናግረውላታል።

«ስፒንስተርስ?» አልኳት፣ ቃሏን ከቴሌቪዥን ስለማውቃት።

ሶስና ትንሽ አመነታች። «እሷ... ፈታይ ነበረች። ሱፍ ፈትላ ራሷን የምትችል ሴት። በኋላ ግን ባል ሳታገባ ያረጀች ማለት ሆነ።»

ሰማችሁ? ራሷን በመቻሏ ስድብ ሆነች! ወንዱ ቀጥቅጦ ስሙን ለልጅ ልጁ ያወርሳል፣ ሴቷ ፈትላ መሳለቂያ ትሆናለች። የዚያን ዕለት ሩዙ አረረብኝ፤ ንዴቱ ነው እንጂ እኔ ሩዝ አላሳርርም። «ሌዲ»ስ ብትሉ? ዱሮ ዳቦ የምታቦካ ማለት ነበር። «ሎርድ» ደግሞ ዳቦ ጠባቂ። የሥራ ክፍፍሉን አያችሁልኝ! እሷ ስታቦካ ትውላለች፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጌታዬ የሚባለው ግን እሱ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር ዳኛው ቀጥቃጭ ተብሎ ይጠራል፣ ሐኪሙ ሸክላ ሠሪ ተብሎ ይጠራል፣ ማንም ቅር አይለውም። እኛ ዘንድ ግን... ታውቁታላችሁ፣ አታስለፍልፉኝ። ማረሻ የሠራልንን ሰው ማረሻውን ተቀብለን እሱን ደጅ እናቆመዋለን፤ ልጁ ልጃችንን ቢጠይቅ ደግሞ ዱላ እናነሳለን። ይኼ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያበግነኝ የኖረ ነው።

እንግዲህ ሶስና የወደደችው ልጅ ሉክ ይባላል። ሻኮፒ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ድራይቭ ያደርጋል። ረጅም፣ ቀይ ጺም ያለው፣ በር ሲያንኳኳ በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ ሉክ ታነር። ታነር ምን ማለት እንደሆነ ሶስና ስትነግረኝ የያዝኩትን ጭልፋ አስቀመጥኩ።

ቆዳ ፋቂ!

«አቶ ተፈራ ያውቃል?» አልኳት።

«ዋይ ዉድ ሂ ኬር?» አለችኝ፤ ምን ቸገረው ማለቷ ነው። ልጅ ናት፣ አልፈረድኩባትም።

አቶ ተፈራ የሶስና አባት ታላቅ ወንድም ነው። አባቷ ገና በጨቅላነቷ ስላረፈ ያሳደጋት እሱ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ መንገደኛ ሲያመላልስ ይውልና በዚያ በረዶ ከትምህርት ቤት ይዟት ይመጣል። ብስክሌት ያስለመዳት እሱ፣ መኪና ያስነዳት እሱ፣ ስትመረቅ ከሁላችን በላይ ያለቀሰ እሱ። «አባዬ» ነው የምትለው። «አባዬ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላ ለሉክ ቁርጡን ነግራዋለች፤ እንደማትቀልድ እኔም ሉክም እናውቃለን። ይህ መልካም ሰው ግን አንድ በሽታ አለበት፤ ዘር ይቆጥራል። ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ እጁን አይለቅለትም። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ አማች ነዋ። እዚህ ገጽ ላይ ግን ታናሼ ነውና እሱ ብለው አይከፋውም፤ ከከፋውም እሱም ይጻፍ።)

ሶስና ለሉክ የሽምግልናውን ደንብ አስጠናችው። ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ዘር ይጠየቃል፤ ዕቃ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው፤ የልጅቷ ወገን ያደረገውን እያያችሁ አድርጉ። ሉክ ይህን እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና ያዘው። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣና የአያቶቹን የቤተሰብ ስም እየጠራ ሙያቸው በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጥፋቱ የማን ነው አትበሉኝ! ሰው ቋንቋችሁን ልማር ሲል ትከለክላላችሁ? እንዲያውም «ድምፅህን ከፍ አድርገህ በል፣ አቶ ተፈራ አንድ ጆሮው ይደክመዋል» አልኩት። ምን ሊመጣ እንደሚችል ጠፍቶኝ አይደለም... ከሠርጉ በኋላ ከሚሰማ በፊት ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ፊቱንም ማየት አምሮኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሉክ እና የሉክ አያት፣ ሚስተር ታነር፤ ሰማንያን ያለፉ፣ አንድ ጉልበታቸው በብረት የተተካ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ። በሁለት እጃቸው ሆትዲሽ ይዘዋል፤ ያ የሚኒሶታ ሰው ለልደትም ለለቅሶም የሚሸከመው፣ ሥጋና ድንች አንድ ላይ የተጋገረበት ትልቅ ሳህን። ምግብ ይዞ የመጣ የልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይልመድብን።

«ሙሽራው ራሱ ይመጣል እንዴ?» አለኝ አቶ ተፈራ በሹክሹክታ።

«አስተርጓሚ ነው በሉት» አልኩት።

እንግዶቹ እንደ አገሩ ልማድ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አቶ ተፈራ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ኩታውን ደርቦ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማውን እንዳጠለቀ ምንጣፌ ላይ ቆሟል። «በካልሲ ክብር የለም» ይላል ሁልጊዜ። ምንጣፉን የሚያጥበው እሱ አይደለማ!

«ይቀመጡ» አላቸው ሽማግሌውን።

ሶስና ተረጎመችላቸው። እሳቸውም ሉክ እንዳስጠናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም!

አቶ ተፈራ በደስታ አየኝ። «ባህል ያውቃሉ እኮ! እንግዲህ... የማን ወገን ናችሁ?»

ሉክ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአባቴ ወገን ታነር ነው። ታነር ማለት... ቆዳ ፋቂ!»

አልማዝ ትሪ ይዛ ስትገባ ነበር፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«ምን አለ?» አለ አቶ ተፈራ።

ሉክ ያልሰማው መሰለው። የነገርኩትም ትዝ አለው። «ቆዳ ፋቂ!!» ብሎ ጮኸ፣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ።

አቶ ተፈራ መውጫ ፈለገ። «ይሁን፣ ይሁን... የእናቱስ ወገን?»

«ዌብስተር። ሸማኔ!»

«የአባቱ እናትስ?»

«ስሚዝ። ቀጥቃጭ!»

«የእናቱ እናት... አንድ ደህና ሰው እንኳ...»

«ፖተር። ሸክላ ሠሪ!»

ጨረሰና ጭብጨባ የሚጠብቅ ይመስል ዙሪያውን አየ። ላጨበጭብለት እጄን አንስቼ ነበር፤ አልማዝ ያዘችኝ። ግን እስቲ አስቡት! በአገራችን ሰው ተሰብስቦ የናቀውን ሙያ ሁሉ አንድ ቀይ ጺም ያለው ልጅ ብቻውን ተሸክሞት ሳሎኔ ውስጥ ቆሟል፤ ያውም በኩራት።

አቶ ተፈራ ኩታውን ወደ ትከሻው መለሰ። «አይሆንም» አለ። «የወንድሜን ልጅ እዚህ ውስጥ አልሰጥም።»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ሶስናን ጠየቋት። ሶስና አልተረጎመችም። እንባዋ መጣና «አባዬ...» አለች፣ በአማርኛ ብቻ። ሉክ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አጣ።

«ምክንያትዎ ምንድን ነው አቶ ተፈራ?» አልኩ።

«ሰምተዋል እኮ እትዬ ወርቅነሽ! ፋቂ፣ ቀጥቃጭ...»

«ኧረ ያ እንግሊዝ አገር ነው፣ ያውም በጥንት ዘመን!» አለች አልማዝ።

«ዘር ዘር ነው።»

«እንግዲያው የእኛም ይቆጠርና ይስሙት» አልኩ። «ፍርድ ለሁለት ወገን ነው።»

«የእኛማ የታወቀ ነው። ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ናቸው።»

ሶስና ዓይኗን እየጠረገች ይህን ለሽማግሌው ተረጎመችላቸው። እሳቸውም በአክብሮት ሰምተው «ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው አስጠየቁ።

«አገር ያስተዳድሩ ነበር።»

«አይ፣ በእጃቸው። በእጃቸው ምን ይሠሩ ነበር?»

አቶ ተፈራ አሰበ። «ሰው ይሠራላቸው ነበር» አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ «ኸም... ዛትስ ዲፈረንት» አሉ።

እዚህ የምትኖሩ አንባቢዎቼ ይህን ታውቁታላችሁ። የሚኒሶታ ሰው አይሳደብም። «ለየት ያለ ነው» ካላችሁ ግን... ቤታችሁ ገብታችሁ አልቅሱ።

እኔ ደግሞ ስናደድ «አቶ»ውም «እርስዎ»ውም አብረው ይጠፉብኛል።

«ስማ አንተ ተፈራ! ሠሪውን ከናቅህ ሥራውን አውልቅ!»

«ምን?»

«ጫማህ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ጣሊያን ነው።»

«ከምን?»

«...ከቆዳ።»

«ቆዳውን ማን ፋቀው? ፊታውራሪው?»

ተፈራ ግትር ነው፣ ከእኔ አይብስም እንጂ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን መንጭቆ አወለቀና በር ላይ ወረወረው። (ምንጣፌ ተገላገለ! ስንት ዘመን የለመንኩት ነገር ነው።)

«ይኸው!»

«ቀበቶህስ?»

«እሱንም!» ቀበቶውን ከወገቡ መዞ ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

«ኩታህን ሸማኔ ነው የሠራው!»

«ይኸው ኩታው!»

«ሱሪህ?»

«ሱሪውን ማሽን ነው የሠራው!»

«ማሽኑ ከምን ተሠራ?»

«ከብረ...» አለና አፉን ገጠመ።

ይኼኔ ነው አንድ ነገር ያየሁት። ተፈራ ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ወዲህ በጣም ከስቷል። ልብሱ ግን ያው የድሮው፣ የወፍራሙ ተፈራ ልብስ ነው። ሱሪው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቆርጦ ወደ ታች ጉዞ ጀመረ። ተፈራ በግራ እጁ ቀጨም አደረገው።

ከወደ በሩ ደግሞ የዘለበት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል... ሚስተር ታነር ቀበቶአቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘርግተውልኛል! የልጅቷ ወገን ያደረገውን አድርጉ ተብለዋላ። ሉክም የራሱን እየፈታ ነው።

«ሚስተር ታነር፣ ኖ! ኖ!» አለች ሶስና።

ሽማግሌው ግን እኔን ነው የሚያዩት። «እንደ ኤርፖርት ፍተሻ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሶስና ፊቷን በእጇ ሸፍና ተረጎመችልኝ። «እስከ የት ድረስ ነው የምናወልቀው? ሸሚዙንም ከሆነ ችግር የለም። የልጄን ልጅ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት፣ የተባልኩትን ሁሉ አወልቃለሁ። ይህ ጉልበቴ ብቻ ነው የማይወልቀው፤ ብረት ነው።»

ተፈራ ሱሪውን እንደጨበጠ ሽማግሌውን አያቸው። መጀመሪያ ቀበቶውን አየ፤ ከዚያ ያንን ጉልበት። እኒህ ሰው እስካሁን ቆመው ነበር። እኛ ስንቆጥር፣ ስንጨቃጨቅ፣ ጫማ ስንወረውር፣ በዚያ በብረት ጉልበት ቆመው ነበር፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡማ።

«ለልጁ ሲሉ ራቁታቸውን ሊቆሙ ነው እኮ» አለ ተፈራ ቀስ ብሎ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም። ቀጥሎ ሶስናን አያት። ሶስና አሁን እያለቀሰች አይደለም፤ ትንፋሿን ይዛ የእሱን አፍ ነው የምትጠብቀው።

እኔ ዝም አልኩ። አዎ፣ እኔ! ማመን ካቃታችሁ አልማዝን ጠይቁ።

የተፈራ ሆድ መጀመሪያ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ትከሻው። ከዚያ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ሱሪው ሌላ ጉዞ ጀመረና እንደገና ያዘው። በቀኝ እጁ ትልቁን ወንበር እየጎተተ አምጥቶ ከሽማግሌው ኋላ አቆመው።

«ይቀመጡ አባቴ። ሰጥተናል።»

ሶስና አልተረጎመችም። መተርጎሙን ትታ የተፈራ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌው ግን ተረድተውት ኖሮ ረጅም ትንፋሽ አውጥተው ተቀመጡ፤ ቀበቶአቸውን አሁንም ለእኔ እንደዘረጉ ናቸው። ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ?

ጨዋታው ሲመጣ ለካ ሚስተር ታነር ዕድሜአቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ኖረዋል። ተፈራ ይህን ሲሰማ ጉልበታቸውን መታ አደረገ፣ ያንኛውን ደህናውን። «ሾፌር ነዎት? ታዲያ ይኼን ከመጀመሪያው አይሉም ነበር!» አይ ተፈራ! አሁንም በሙያ ነው የሚለካው። ተውኩት፤ ለአንድ ቀን የበቃውን አውልቋል።

ከዚያ ምርቃት ሆነ። ሉክና ሶስና ተንበረከኩ። ተፈራ ለምርቃት ሁለት እጁን ሊዘረጋ ሲል ግራው ሥራ ላይ መሆኑ ትዝ አለው። ቀበቶው እኔ ጭን ላይ ነው። እኔም አየሁት፣ እሱም አየኝ... አልሰጠሁትም። ቀኝ እጁን ብቻ ወደ ላይ አድርጎ፣ በግራው ወገቡን ጨብጦ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ» እያለ ያማረ ምርቃት መረቀ። አሜን አልን።

ሲጨርስ ሉክ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ምርቃት በአንድ እጅ ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ግራው ወገብ ላይ ነው። ጠበቅ አድርገህ ትይዛለህ።»

ባለፈው እሁድ ደግሞ ታነሮች ራት ጠርተውን ሴንት ፖል ሄድን። ማዕዱ ሲቀርብ ሚስተር ታነር ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ በግራቸው የሱሪያቸውን ወገብ ጭብጥ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። የሉክ እናት ቀሚሷን ይዛለች። አጎቶቹ ሁሉ ሱሪያቸውን ይዘዋል።

ተፈራ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ይንገሯቸው እንጂ!» አለኝ በአማርኛ።

ምን ብዬ ልንገራቸው? ባህል የሚጀመረው እንዲህ ነው። አንዱ ቸግሮት ሱሪውን ይይዛል፣ ሌላው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ይወርሰዋል። እኔም ቀሚሴን ጨበጥ አድርጌ አሜን አልኩ።